ከግራጫው ሥር

«አዎ፣ እኔው ራሴ ነኝ የሠራኋት። በእነዚህ ሁለት እጆቼ። አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጅታብኛለች።»

ጋሽ ከበበው ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ታጥበው በፎጣ እያደረቁ ነበር። ድምፁ የአማቻቸው የጆኒ ነው፤ ከወዲያኛው ክፍል በስልክ ያወራል። የጀሞ ኮንዶሚኒየም መቼም ምስጢር አይችልም፤ ይኼኛው ግድግዳ ደግሞ ጭራሽ ግድግዳ አይደለም፣ ኮምፔልሳቶ ነው። ጆኒ ሥራውን አጥቶ፣ የቤት ኪራይ አልቀመስ ብሎት፣ ሚስቱን ይዞ እሳቸው ዘንድ የገባ ጊዜ፣ የባልና የሚስት ገመና ይከበር ብለው ሳሎኑን ለሁለት የከፈሉት ራሳቸው ጋሽ ከበበው ናቸው። ሚስማሩን አንድ በአንድ የመቱት እሳቸው! አሁን ያው ኮምፔልሳቶ የአማቻቸውን ውሸት ቃል በቃል አቀበላቸው። «ኧረ ማንም አላገዘኝም» አለ ጆኒ። ትንሽ አዳመጠና ሳቀ፤ ሥራ የሚፈልግ ሰው የሚስቃት ያቺ አጭር ሳቅ። «ቀለሟ ብቻ ነው የቀረው፣ ዛሬ እጨርሳታለሁ። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ይዣት እመጣለሁ።» ስልኩ ተዘጋ። ቀጥሎ የልጃቸው የጸደንያ ሹክሹክታ መጣ፤ «ቀስ ብለህ አውራ እንጂ! አባዬ ቢሰማህስ?»

የጆኒስ ይሁን። ስምንት ወር ሥራ ፈትቶ አማቱ ቤት የተቀመጠ ወንድ ምን የማይለው አለ? የጸደንያ ግን አንጀታቸውን ቆረጠው። ታውቃለች ማለት ነው። አውቃ ነው ትናንት ማታ እግራቸውን በሞቀ ውሃ ያጠበቻቸው፣ አውቃ ነው «አባዬ፣ ዓይንህ እንዳይደክም፣ ነገ ትቀባታለህ» ያለቻቸው። ፎጣውን መስቀያው ላይ ሰቀሉ፤ ወደቀና እንደገና ሰቀሉት።

ጆኒ «የሠራኋት» ያላት መርከብ ያለችው በረንዳው ላይ ነው፣ የልብስ ማስጫው ሥር፣ አሮጌ ጠረጴዛ ላይ። አንድ ክንድ ተኩል ትሆናለች። ጋሽ ከበበው በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ ያገለገሉባት የጥበቃ መርከብ አምሳያ ናት፤ ፎቶ እንኳ የላቸውም፣ ከራሳቸው አውጥተው ነው የሠሯት። ቀፎዋ ያው ሳሎን ከከፈለው ኮምፔልሳቶ የተረፈ ነው። መድፏ የእስክሪብቶ ቀፎ ነው፤ ራዳሯ የሻይ ማጥለያ ወንፊት፣ መሰላሏ በፒንሳ የተጠማዘዘ የመርፌ ቁልፍ። ባሕር ኃይሉ ከፈረሰ በኋላ ሃያ ስድስት ዓመት የመጋዘን ዘበኛ ሆነው ነው ጡረታ የወጡት። ዘበኛ ሲሞት ምን ያስቀራል? ፊሽካ። ይህች መርከብ ግን «እኔም ነበርኩ» የሚሉባት ነገር ናት፤ ይህን አፍ አውጥተው ለማንም ባይናገሩም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ነው ጸደንያ አጠገባቸው ቁጭ ብላ የለመነቻቸው። የሕንፃ ሞዴል የሚሠራ ድርጅት አለ፣ ለጆኒ ሥራ ሊሰጡት ያስባሉ፣ የድርጅቱ ባለቤት የመርከቧን ፎቶ ስልክ ላይ አይቶ ወዷታል፣ መግቢያው ላይ ቢያስቀምጣት ደስ ይለዋል። ብንሰጠውስ አባዬ? ጋሽ ከበበው አንድ ቀን አሰቡና፣ «ለልጄ ትዳር ከሆነ ትሂድ» አሉ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከመቆሚያዋ ሥር፣ በትንሽ የናስ ሰሌዳ፣ «ሠሪ፦ ከበበው፣ የቀድሞ የባሕር ኃይል ባልደረባ» ተብሎ ይጻፍ። «ይኼማ ምን ጥያቄ አለው!» አለች ጸደንያ፤ ግንባራቸውን ስማ።

ቁርስ ላይ ሦስቱም ቀረቡ። ሻይ አለ፣ ዳቦ አለ፣ ወሬ የለም። ጆኒ ነጭ ሸሚዙን ከወዲሁ ተኩሶ ወንበር ላይ ሰቅሎታል። ጋሽ ከበበው ሻያቸውን ሲያማስሉ፣ ሲያማስሉ፣ ስኳሩ ከሟሟም በኋላ ሲያማስሉ ቆዩና፣ «የናሷ ሰሌዳስ? ደረሰች?» አሉ። ጸደንያ ዳቦውን መቁረጥ አላቆመችም። «ገና ናት አባዬ፤ የቀራጩ ማሽን ተበላሽቶበት ነው አሉ።» «አሃ፣ ማሽኑ» አሉ። ጆኒን ተመለከቱት። ጆኒ ብርጭቆው ውስጥ የሆነ ነገር የወደቀበት ይመስል አቀርቅሮ ሻዩን ያያል። ጎረቤት ሬዲዮ ከፈተ፤ የአየር ሁኔታ ይነበባል፤ ሦስቱም የአየር ሁኔታ እንደሚያስጨንቀው ገበሬ ጸጥ ብለው አዳመጡ። ያኔ ነው ጋሽ ከበበው በሆዳቸው የቆረጡት። ቀለሙ እስኪቀጥን ድረስ ጊዜ አላችሁ። አንዳችሁ፣ ማናችሁም ብትሆኑ፣ ፊቴን አይታችሁ ከነገራችሁኝ ይቅር። ካልነገራችሁኝ ግን እኔም የማውቃት ነገር አለች።

ሁለት ታክሲ ይዘው ፉሪ ሮበሌ ሱቅ ሄዱ። ሮበሌ የመኪናም የቤትም ቀለም ይሸጣል፤ የመኪናውን በዓይኑ ይለየዋል፣ መኪናውን አጋጭቶ የመጣ ሹፌር በሩን ከፍቶ ሲያሳየው ያንኑ ቀለም አዋህዶ ይሰጠዋል። «ጋሽ ከበበው! ዛሬ ደግሞ የትኛዋን መኪና ሊቀቡ ነው?» ይላቸዋል ሁልጊዜ፤ እሳቸውም ሁልጊዜ «መርከብ ነው፣ አንተ የደረቅ መሬት ሰው!» ይሉታል። ዛሬ ዝም አሉት። ሮበሌ ነገሩ ገባውና ቀልዱን ትቶ ሦስት ግራጫ በሦስት ክዳን ላይ ጠብ ጠብ አደረገላቸው። አንደኛውን ገፉት፤ ሰማያዊ በዝቶበታል። ሁለተኛውን ገፉት፤ ሲሚንቶ ነው። ሦስተኛውን ይዘው ወደ በሩ ወጡ፣ ፀሐይ ላይ አዩት፣ ጥላ ውስጥ አዩት፣ ተመልሰው ነጭ እንዲጨምርበት አዘዙ።

«ኧረ ነጣብዎት! የእውነቱ መርከብ እንዲህ ነው እንዴ?»

«የእውነቱማ ይጠቁራል» አሉ ጋሽ ከበበው፤ ስለ ቀለም ሲጠየቁ መቼም ዝም ማለት አይሆንላቸውም። «ትንሽ መርከብ ማለት ግን ሩቅ ያለ መርከብ ማለት ነው። ከወደብ ቆመህ ስታያት፣ በመካከላችሁ ያለው አየር ራሱ ያነጣታል። የእውነቱን ቀለም እንዳለ ብትቀባት አሻንጉሊት ትሆንብሃለች።» ሮበሌ ራሱን እየነቀነቀ በክብሪት እንጨት ጫፍ ጥቁር ነካ አደረገበት፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ትንኝ የምታህል። «እሷ ናት!» አሉ። ልክ እሷ ናት፤ ሠላሳ ምናምን ዓመት ያላዩትን ግራጫ ክዳን ላይ ተኝቶ አዩት።

«አኳራጅ ልጨምርልዎት?» አለ ሮበሌ፤ ሲንቴቲክ ቀለም በአኳራጅ ነው የሚቀጥነው።

«አኳራጅስ ቤት አለኝ። ናይትሮ ቲነር ስጠኝ፣ ግማሽ ሊትር። ከቀዩ የመኪና ቀለምም ጠብታ።»

የሮበሌ እጅ ቆመ። «ናይትሮ? ናይትሮ ከሥር ያለውን ቀለም ይበላል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም?»

«ነኝ» አሉና ሂሳቡን ከፍለው ወጡ።

ታክሲው ውስጥ ዕቃውን ጭናቸው ላይ አቅፈው የመርከብ ባልደረባቸውን ጸጋአብን አስታወሱ። ምጽዋ ላይ መርከቧ በየዓመቱ ዝገቷ ተፍቆ ነጭ የመሠረት ቀለም ትቀባለች። ነጩ ላይ፣ ግራጫው ከመምጣቱ በፊት፣ መርከበኛው ሁሉ በቀይ ስሙን ይጽፋል። አለቆቹ አያውቁም፣ ወይ አላየንም ይላሉ። ግራጫው ይሸፍነዋል፣ ስሙ ከሥር ይተኛል፤ ከወደብ ሲወጡ «እኔ እዚህ ጋ ነኝ» እየተባባሉ ግድግዳዋን መታ ያደርጋሉ። አንድ ዓመት አኳራጅ አልቆ ጸጋአብ ከጋራዥ ናይትሮ አምጥቶ ግራጫውን አቀጠነ። ሲቀባ አማረ፣ ቶሎ ደረቀ፣ ሁሉም አጨበጨበለት። በሦስተኛው ቀን፣ ጄኔራል ሊጎበኛት በመጣበት ጠዋት፣ የሠላሳ ሰው ስም ግራጫውን ሰንጥቆ እንደ ኩፍኝ ብቅ አለ! ናይትሮው ሲወርድ ቀዩን ያሟሟዋል፣ ቀዩም ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ሁለት ሳምንት በዚያ ሙቀት ሲፍቁ ከረሙ። ጸጋአብ በኋላ እዚያው ባሕር ላይ ቀርቷል። ይህን ተንኮል ከጋሽ ከበበው በቀር የሚያውቅ ሰው በሕይወት ይኑር አይኑር እንጃ።

ቤት ሲገቡ ስድስት ተኩል ሆኗል። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ቀጭኗን ብሩሽ አወጡ። ከመርከቧ ኋለኛ ጎን፣ ነጩ የመሠረት ቀለሟ ላይ፣ በቀይ «ከበበው» ብለው ጻፉ። የጣት ስፋት ታህላለች። ጥሩ ፊደል ነው። ቀዩ ወዲያው ደረቀ፤ ላዩ ላይ ጨርቅ ጣሉበት። ከዚያ ሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን አቆሙ፤ አኳራጁ በአንዱ፣ ናይትሮው በሌላው። ሁለቱም ውሃ ይመስላሉ፣ ስማቸው አልተጻፈባቸውም። ግራጫው በአኳራጅ ከቀጠነ ስማቸው ከሥር ይተኛል፤ መርከቧም የጆኒ ሆና ትኖራለች። በናይትሮ ከቀጠነ ደግሞ ድርጅቱ መግቢያ ላይ፣ እንግዳ ሁሉ በሚያይበት፣ በሦስተኛው ቀን «ከበበው» ትላለች። ጆኒ ያኔ ምን እንደሚል እሱ ይወቅበት! ይህን ሲያስቡ ደስ አላቸው፤ ደስ ማለታቸው ደግሞ አሳፈራቸው።

ጸደንያ ምሳ ይዛላቸው መጣች፣ ሽሮ በትንሽ ሰሃን። ቁጭ ብላ ትጠብቃቸዋለች ወትሮ፤ ዛሬ ቆመች። ከማስጫው ላይ የደረቀ ካልሲ አወረደች፣ አጠፈች፣ መልሳ ዘረጋች። ከታች የሚኒባስ ረዳት ይጮሃል። «ውሃ ረቡዕ ድረስ የለም አሉ» አለች። «ይሁና» አሉ። «አባዬ...» አለች ደግሞ። ጋሽ ከበበው ጉርሻቸውን አፋቸው ጋ ሳያደርሱ ቆሙ። በይ ልጄ! በይው፣ አሁን በይው፣ እኔም ይህን ጠርሙስ መጸዳጃ ቤት ደፍቼው እመጣለሁ! ዓይኗ እርጥብ ነው፤ ከንፈሯ ተንቀሳቅሷል። «... ቃሪያ ላምጣልህ?» አለች።

«ይቅርብኝ።»

ሄደች። ሰሃኑን ገፉት። የናይትሮውን ጠርሙስ ክዳን ፈቱ፣ ሽታው አፍንጫቸውን መታው፣ መልሰው ከደኑት። ፈቱ፣ ከደኑ። እንዲህ ሲሉ አሥር ሰዓት ሆነ። ስምንት ወር ሙሉ ጠዋት ሲወጣ «የሆነ ቦታ ጠርተውኛል» እያለ ማታ ጫማው አቧራ ለብሶ የሚመለሰው ጆኒ ዓይናቸው ላይ መጣ። ሥራውን ቢያጣ የሚራበው እሱ ብቻ አይደለም፤ ይህም ይገባቸዋል። ግን እኮ «ማንም አላገዘኝም» አለ! አንድ ቃል፣ «አማቴ ረድቶኛል» ብትል ምን ይጎድልብህ ነበር አንተ ልጅ?

የበረንዳው በር ተከፈተ። ጆኒ ነው፣ እጅጌውን ጠቅልሏል። «ጋሼ» አለ። «ቀለሙ እንዴት እንደሚቀጥን... ቢያሳዩኝ። እጄ ላይ እንዲገባ ብዬ ነው።»

ነገ ድርጅቱ ሲጠይቀው የሚመልሰው እንዳያጣ ነው! ጋሽ ከበበው ደማቸው ፈላ፤ ፊታቸው ላይ ግን ምንም አልታየም። በርጩማውን በእግራቸው ገፋ አደረጉለት። «ተቀመጥ። ቀለሙ ያውልህ፣ ኩባያው ያውልህ። ማቅጠኛው ከሁለቱ አንዱ ነው። ምረጥ።»

«የትኛው ይሻላል?»

«ምረጥ አልኩህ።»

ጆኒ አንደኛውን ፈትቶ አሸተተ፣ ሁለተኛውን ፈትቶ አሸተተና ፊቱን አዞረ። «ይኼኛው ኃይለኛ ነው። ቶሎ ያደርቃል መሰለኝ፣ አይደል? ለነገ መድረስ አለባት።» ናይትሮውን ነው ያነሳው። ጋሽ ከበበው ምላሳቸው ላይ የመጣውን ዋጡት። እኔ አልመረጥኩለትም፣ አሉ በሆዳቸው፤ ውሸት እንደሆነ እያወቁ። «በጠብታ ጨምር» አሉት። «በአንድ ጊዜ አትገልብጠው። አማስል። ኩባያውን ዘንበል አድርግ፤ ጠርዙ ላይ እንዴት እንደሚወርድ እይ። እንደ እርጎ ከወረደ ገና ነው፣ እንደ ውሃ ከሮጠ አበላሽተኸዋል። እንደ ወተት ሲሆን አቁም።» የሕፃን ፓውደር በጣታቸው ቆንጠር አድርገው ነሰነሱበት፣ እንዳያብለጨልጭ፤ የጦር መርከብ አያብለጨልጭም። ጆኒ አማሰለ፣ አዘነበለ፣ ጠብታ ጨመረ፣ አዘነበለ። ወተት ሆነ።

ከፊት ለፊቷ ጀምሮ ቀባ። ጋሽ ከበበው ሊነቅፉት አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ የሚነቅፉት አጡ። ብሩሹን አያጨቀይም፣ የተቀባውን ተመልሶ አይነካም፣ መስመር ሲጀምር ትንፋሹን ይይዛል። ስምንት ወር ምንም ያልነካ እጅ ነው እንዲህ የተጠማው! ይህን ልጅ ቀድሜ ጠርቼ አጠገቤ ባስቀምጠው ኖሮ አብረን እንሠራት ነበር፣ አሉ፤ አንድ ቀን እንኳ «ና» እንዳላሉት ትዝ አላቸው። እሱም አልጠየቀ፣ እሳቸውም አልጠሩ። ግራጫው ከመድፉ ሥር አልፎ ወደ ኋላ ሄደ። አሁን አንድ መዳፍ ቀረው። አሁን አራት ጣት። ጆኒ ጨርቁን አነሳ።

ብሩሹ አየር ላይ ቀረ። ቀዩን ስም አየው። ከብሩሹ ጫፍ አንድ ጠብታ ግራጫ ሱሪው ላይ ወደቀች፤ አላወቃትም።

«ለምን ቆምክ? ቀባው» አሉ ጋሽ ከበበው።

ጆኒ ብሩሹን ኩባያው ላይ አጋደመው። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ የሠራኋት ብያቸዋለሁ» አለ። «ሥራው ሞዴል ለሚሠራ ሰው ነበር። መጀመሪያ ፎቶውን ብቻ ነበር የላክሁላቸው፤ የሠራኻት አንተ ነህ ወይ ሲሉኝ አዎ አልኩ። ከዚያ መመለሻ አጣሁ። ሰሌዳውም አልታዘዘም። ጸደንያ ልንገረው ስትል እኔ ነኝ አፏን የያዝኳት።»

ጋሽ ከበበው ቀኑን ሙሉ የጠበቁት ቃል ይህ ነበር። መጣ፤ ቀለሙ ከቀጠነ፣ መርከቧም ከተቀባች በኋላ መጣ። «ጠዋት ሰምቼሃለሁ» አሉ። «ያነሳኸው ጠርሙስ ናይትሮ ነው። ናይትሮ ቀዩን ያሟሟዋል። ስሜን ብትቀባውም በሦስተኛው ቀን ይወጣል፣ እዚያው መሥሪያ ቤትህ።»

ጆኒ ቀና ብሎ አያቸው። «እያወቁ ዝም አሉኝ?»

«አንተስ?»

በሩ ላይ ጸደንያ ቆማለች፤ መቼ እንደመጣች አላወቁም። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ታለቅሳለች። ጋሽ ከበበው የአኳራጁን ጠርሙስ አንስተው ጆኒ ፊት አቆሙት፤ ጨርቁን እጁ ላይ አኖሩለት። «ግራጫው ገና እርጥብ ነው» አሉ። «ስሙን ፋቀው፣ ግራጫውንም ጥረገው፤ በዚህ አቅጥነህ እንደገና ትቀባታለህ። ምንም አይወጣም። አንተም ሥራህን ትይዛለህ። እኔ ሰው ፊት ላዋርድህ አልፈልግም፤ ጠዋት ፈልጌ ነበር፣ አሁን አልፈልግም።»

ጆኒ ጨርቁን አየ። ጠርሙሱን አየ። ከታች ረዳቱ አሁንም ይጮሃል፣ «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» ከዚያ ጨርቁን አጥፎ የበረንዳው ብረት ላይ አኖረው። ያንኑ ብሩሽ አነሳ፣ ያንኑ ኩባያ ውስጥ ነከረው፣ ትንፋሹን ያዘና በሁለት ስስ መስመር «ከበበው» የሚለውን ሸፈነው። ግራጫው ከወዲያ ወዲህ አንድ ሆነ፣ ለስላሳ፣ ሩቅ ያለች መርከብ ሆነች።

«ሦስት ቀን ነው ያሉኝ?»

«ሦስት። ከሞቀ ሁለት።»

«ነገ ሄጄ ራሴ እነግራቸዋለሁ» አለ ጆኒ። «ከፈለጉ ያባሩኝ።»

ጋሽ ከበበው አማቻቸውን ትክ ብለው አዩት። ያምኑት አያምኑት እንጃ፤ ፈርቷል፣ እጁም ግራጫ ነው። ቀስ ብለው ተነሱና በመዳፋቸው ትከሻውን መታ አደረጉት።

«እንግዲህ» አሉት፣ «ቀለሙ እንዳይቀድምህ።»